ሰሌዳው ይመለስልን፦ ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የተነሣውን የአንባቢያን ሰሌዳ፣ የታገደውን የልብ ወለድ ውሰትና የተቆለፈባቸውን መጻሕፍት ይመለከታል

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

ይህን የምንጽፍላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እየተገናኘን ስላነበብነው የምንጨዋወት ሰዎች ነን። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ነርስ አለች፤ የባጃጅ ሾፌር አለ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ልጆቿን አስከትላ የምትመጣ እናት አሉ። ቅሬታችንን ቀደም ብለን በጽሑፍ አስገብተን ነበር። ያገኘነው መልስ “ይታያል” የሚል የቃል መልስ ብቻ ነው። ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያየው የነገረን የለም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቅሬታችን መነሻ የሆነችው በሩ ላይ የተለጠፈች የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ናት። በእርሷ መሠረት ከመግቢያው አጠገብ የነበረው የአንባቢያን ሰሌዳ ተነሣ፤ በቦታው “የተመረጡ መጻሕፍት” የሚል የታተመ ዝርዝር ተሰቀለ። ልብ ወለድ ወደ ቤት መዋስ ተከለከለ። “ጥንቃቄ የሚሹ” የተባሉ መጻሕፍት ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገቡ። የቅዳሜው ክፍላችንም ለሥልጠና ተፈለገ ተባልን። ስለ ክፍሉ አንከራከርም፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠንም መጨዋወት እንችላለን። የቀሩትን ግን በዝምታ ልናልፋቸው አልቻልንም።

አንደኛው ቅሬታችን ስለ ሰሌዳው ነው።

ለማያውቁት እናስረዳ። ማንም አንባቢ የወደደውን መጽሐፍ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይሰካ ነበር። ካርዱ የሚጠይቀው የመጽሐፉን ስም፣ ደራሲውን፣ ለምን እንደተወደደና ለማን እንደሚሆን ነው፤ ግርጌው ላይ ደግሞ “ለማን አይሆንም” የምትል መስመር ነበረች። ከሁሉም የምንወዳት እርሷን ነበር። መጽሐፍ ሻጭ ይህችን መስመር አይሞላም፤ አሳታሚም በመጽሐፉ ጀርባ ላይ አያትማትም። የሚሞላት አንብቦ የጨረሰና ከሽያጩ አምስት ሳንቲም የማያገኝ ሰው ብቻ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ትውልድ አንብቦታል፣ ደግሞ ለእርሱ ምን ካርድ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። ያስፈልገዋል። “አውቀዋለሁ” ከሚሉት መካከል ብዙዎቹ የሰሙት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ምን ያህል እንደሚይዝ የሰማው ያውቃል፤ ሬዲዮ ግን ቆም ብሎ አንድን አንቀጽ ደግሞ ለማንበብ ፋታ አይሰጥም። ጡረተኛው መምህራችን የሰኩት ካርድ እንዲህ ይላል፦ “የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር ታውቁታላችሁ። አሁን ደግሞ ጉዱ ካሣ በተናገረበት ቦታ ሁሉ እየቆማችሁ አንብቡት። ለማን አይሆንም፦ ፍቅሩ በመጀመሪያዎቹ ገጾች እንዲጀመርለት ለሚቸኩል።” ይህን ካርድ አይተው መጽሐፉን ዳግም የተዋሱ ጎልማሶችን እናውቃለን። የዳኛቸው ወርቁን “አደፍርስ” (1962 ዓ.ም.) በተመለከተም ያው መምህር “ሁለተኛ ጊዜ ለማንበብ ሐሳብ ከሌላችሁ የመጀመሪያውንም አትጀምሩት” ብለው ጽፈው ነበር። ምክራቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም እውነት ነው። አረፍተ ነገሮቹ አንባቢውን እንደ ልቡ አያስሮጡትም፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን ይከፍላሉ።

ሰሌዳው የክርክር ቦታም ነበር። አንዲት ተማሪ የይስማዕከ ወርቁን “ዴርቶጋዳ” አወድሳ ጻፈች። መጽሐፉ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር አጋምዶ፣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ሌሊት ያስመሸ ነው። መምህራችን ሥሩ ሌላ ካርድ ሰክተው “ጥድፊያው ይበዛል፣ ሰዎቹ አይታዩኝም” አሉ። ልጅቱ መለሰች፦ “ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች አላነበቡም?” አንብበው ነበር፤ ሳቁና በካርዱ ጀርባ ላይ “እጅ ሰጥቻለሁ፤ ግን አሁን አንቺ ደግሞ አዳም ረታን አንብቢ” ብለው ጻፉላት። ልጅቱ “ግራጫ ቃጭሎች”ን ተዋሰች፤ መጀመሪያ ላይ እንዳደከማት፣ ከመሃል ጀምሮ ግን መመለስ እንዳቃታት ለክበቡ ነገረች። ከስለላ ታሪክ ተነሥታ፣ በአንድ አዛውንት ጉትጎታ፣ በራሷ እግር አዳም ረታ ጋ ደረሰች። የትኛው የታተመ ዝርዝር ነው ይህን የሚያደርገው?

አሁን የተሰቀለውን ዝርዝር በጥሞና አይተነዋል። ስለ ስኬት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሀብትና ስለ መሪነት የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው፤ አብዛኞቹ ትርጉም ናቸው። አንድም ልብ ወለድ፣ አንድም የግጥም መድበል የለበትም። በሴት የተጻፈ መጽሐፍም አንድ እንኳ የለም። ማን እንደመረጣቸው አልተጻፈም፤ ለምን እንደተመረጡም። እነዚህን መጻሕፍት አንንቅም፤ ባጃጅ ሾፌራችን ከመካከላቸው አንዱን አንብቦ እቁብ መግባቱን በኩራት ይነግረናል። ነገር ግን “ጠቃሚ መጽሐፍ” ማለት እነዚህ ብቻ ናቸው የሚለውን አንቀበልም። ጠቃሚውን ካላችሁማ፣ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” እዚያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ፣ በስሱነቱ በሁለት ምሽት የሚያልቅ መጽሐፍ ነው። የስኬት መጻሕፍቱ አንባቢውን በማለዳ ተነሥ ይሉታል። ገብረ ሕይወት የሚጠይቀው በማለዳ ተነሥቶ የሚለፋ ሕዝብ ለምን ድሃ ሆኖ እንደሚቀር ነው። ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ ስለ መግዛት የጻፈውን የዛሬ ወጣት አንብቦ ጋዜጣ ያነበበ ይመስለዋል። ለማን አይሆንም? ጥንታዊውን አማርኛ ለመልመድ ትዕግሥት ለሌለው።

የህንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ሥራው ካስቀመጣቸው አምስት ሕግጋት መካከል ሁለቱ፣ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ መጽሐፍ፣ እያንዳንዱም መጽሐፍ የራሱ አንባቢ እንዳለው የሚናገሩ ናቸው። ይህን ከእኛ ይልቅ በሙያው የሠለጠኑት ሠራተኞቻችሁ ያውቁታል። ሰሌዳው ሁለቱን ሲያገናኝ የነበረው ያለ በጀት ነው፤ ወጪው ካርድና መርፌ ቁልፍ ነበር፤ እሱንም የምንገዛው እኛ ነበርን።

ሁለተኛው ቅሬታ የልብ ወለድ ውሰት መከልከሉ ነው።

የተሰጡን ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ልብ ወለድ ይጠፋል፤ ተማሪም ያዘናጋል። የመጀመሪያውን በመዝገብ እንነጋገርበት። የውሰት መዝገቡ በእናንተ እጅ ነው። የጠፉት መጻሕፍት በዓይነት ተለይተው ይውጡና እንያቸው። የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ሰው የለም ወይ? ካለ፣ እገዳው ለምን በልብ ወለድ ላይ ብቻ ወደቀ? ለጠፋ መጽሐፍ መያዣ ገንዘብ ማስያዝ፣ መታወቂያ መያዝ፣ ዋስ መጥራት የታወቁ መንገዶች ናቸው። አልተሞከሩም።

ሁለተኛውን ምክንያት በሰው እናስረዳችሁ። አብራን የምታነበው ነርስ ተራዋ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት እርሷ ወይ ሥራ ላይ ናት ወይ እንቅልፍ ላይ። የምታነበው ሌሊት፣ በሽተኛ ጋብ ሲል፣ ተነሺ እስክትባል ባለው ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለ አንባቢ ረጅም ልብ ወለድ አይመችም፤ አጭር ልብ ወለድ ይመቻል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን “አምስት ስድስት ሰባት”ና አብረውት ያሉትን አጫጭር ታሪኮች በዚያ ሁኔታ ነው የጨረሰቻቸው፤ ቀጥላ የአዳም ረታን “አለንጋና ምስር” ጀመረች። ካርዷ ላይ “አንዱን ታሪክ አንብባችሁ የሚቀጥለውን ሳትነኩ እደሩ፤ የአዳም ታሪክ ካለቀ በኋላም ይሠራል” ብላ ጽፋለች። አሁን “እዚሁ ተቀምጠሽ አንብቢ” ተብላለች። መቼ ትቀመጥ? ስለ ተማሪ መዘናጋት የወጣ ሕግ ተማሪ ያልሆነችውን ሠራተኛ መጽሐፍ ነሣት።

ተማሪውም ቢሆን ልብ ወለድ ስለ ተከለከለ ወደ ፊዚክስ አልሄደም። ወዴት እንደሄደ እኛ እናውቃለን። በቴሌግራም በስካን የሚዞረውን፣ ገጹ የተንጋደደ፣ መሃሉ የጎደለ ቅጂ ነው የሚያነበው። ያም ሲሰለቸው በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ይገዛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ ሳለ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድ የገዛውን መጽሐፍ ቆልፎ አንባቢውን ወደ ሕገ ወጡ ቅጂ ሲገፋው ተጎጂው ደራሲው ነው። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ መጽሐፍ አዟሪ ጠርቶ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደመወዝተኛ ገዝቶ የሚያነብበት ዘመን አይደለም።

ሦስተኛው፣ በጣም ያስቆጣን፣ የቁም ሣጥኑ ነገር ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእረፍት መጥቶ የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” ጠየቀ። “ከምትማርበት ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ” ተባለ። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የቀረ መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ ሰው ተደብቆ፣ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያነበበው ነበር። ከደርግ ውድቀት በኋላ ማንም በአደባባይ የሚገዛው፣ በቅርቡም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የውጭ አገር አንባቢ እጅ የገባ ሥራ ነው። በ2018 ዓ.ም. በከተማችን ለማንበብ ግን ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል! ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት የነበረችውን አስመራን፣ የጋዜጠኛው የፀጋዬን ግራ መጋባትና የፊያሜታን ነገር ለማወቅ የፈለገ የሃያ ዓመት ወጣት ማንን ነው የሚያሰጋው? እኛ ይህን መጽሐፍ የጦርነት ዜናን እንዳለ ለሚቀበል ሁሉ እንመክራለን፤ ዜናው ሲሠራ ከውስጥ የነበረ ሰው የጻፈው ነውና። ለማን አይሆንም? የፍቅር ታሪክ ብቻ ፈልጎ ለመጣ፤ ያገኛል፣ ግን ከሚፈልገው በላይ ሌላ ነገር ያገኛል።

በዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ የሕይወት ተፈራ “ማማ በሰማይ” አለ። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ የሕይወት ታሪኳ ነው፤ በኢሕአፓ ውስጥ ያሳለፈችውን ወጣትነት፣ ፍቅሯንና የእስር ዓመታቷን የምትተርክበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች “ሴት የጻፈችው እውነተኛ ታሪክ አምጡልን” ሲሉን የሰጠናቸው እርሱን ነበር። ስለ አብዮቱ ዘመን ከወንዶቹ የፓርቲ ሰዎች ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ማን ተሳሳተ ማን ትክክል ነበር የሚል ሙግት ነው። ሕይወት ግን አንዲት ወጣት እንዴት አምና እንደገባች፣ ጥርጣሬ እንዴት ቀስ እያለ እንደመጣባት ትነግራለች። ልጆቹ ከሙግቱ ይልቅ ይህ ገባቸው። ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው በምርጫ ፓርላማ የገባችው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ስንዱ ገብሩ “የልቤ መጽሐፍ” የሚል ሥራ እንዳላት ሰምተው ፍለጋ ጀመሩ። ይህም ሁሉ ከአንድ ካርድ የመጣ ነው። መጽሐፉ “ፖለቲካ” ተብሎ ሲቆለፍበት ፍለጋው ቆመ።

የስብሐት “ሌቱም አይነጋልኝ” መቆለፉን ግን በከፊል እንረዳለን። የውቤ በረሃን ሌሊት ሳይሸፋፍን የጻፈ በመሆኑ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የቆየ ነው። እኛም ካርዳችን ላይ “ለማን አይሆንም፦ ለልጆች፤ ከልጅነትም አልፎ ስድብ ለሚያስደነግጠው” ብለን ነበር። ለዕድሜ የሚሆን ጥንቃቄ ከሆነ የታሰበው ተስማምተናል፤ መታወቂያ ማየት በቂ ነው። ለአዋቂ ሰው ግን ስለሚያነበው ነገር ምክንያት መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት፣ በ2022 ያሻሻሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ የቤተ መጻሕፍት ስብስብና አገልግሎት ለማንኛውም የአስተሳሰብ፣ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት ሳንሱር እንዲሁም ለንግድ ግፊት መገዛት እንደሌለበት ይናገራል። ይህ ማኒፌስቶ በማንበቢያ አዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ነበር። ባለፈው ስንገባ እሱም የለም፤ ለቀለም ቅብ ተነሥቶ ከሆነ እሰየው።

አራተኛው ነገር ውሳኔ ሳይሆን ቸልታ ነው።

የሕይወት ታሪክና ማስታወሻ መጻሕፍት ሁሉ “ማጣቀሻ” ተብለው ውሰት ተከልክለዋል። መዝገበ ቃላት ማጣቀሻ ቢባል ያስኬዳል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም “የሕይወቴ ታሪክ” ግን ቆሞ ገልጦ የሚመለከቱት መጽሐፍ ነው? ባጃጅ ሾፌራችን ይህን መጽሐፍ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው ያነበበው። ገና በልጅነቱ ዓድዋን ያየ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄዶ ያደገና የተማረ፣ ተመልሶ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ፣ በኋላም ጄኔቫ ላይ ለአገሩ የተሟገተ ሰው፣ ራሱን ሳይቀር እየተቸ የጻፈው ነው። ሾፌሩ ካርዱ ላይ “ፊልም ነው” ብቻ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ “ካየሁት ከማስታውሰው” የተረጋጋ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይተርካል፣ የጦርነቱንና የእስሩን ዘመን ሳይቀር። ሁለቱን አከታትሎ ማንበብ አንድ ዘመንን በሁለት ጠባይ ማየት ነው። የቼኩ ተወላጅ አዶልፍ ፓርለሳክ ከራስ ካሣ ሠራዊት ጋር ሆኖ ያየውን የጻፈበት፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን በቀጥታ ከቼክ ቋንቋ የመለሰው “የሐበሻ ጀብዱ” ደግሞ ለሦስተኛነት ይሆናል። የሰሜን ጦር ግንባርን፣ የመርዙን ጋዝ፣ የወታደሩን ረሃብና ቀልድ አንድ ላይ ያመጣዋል። ለማን አይሆንም? በምግብ ሰዓት ለሚያነብ።

የግጥም መጻሕፍት ግዢ “ጠያቂ የለውም” በሚል ተሠርዟል። ጠያቂው እኛ ነን፤ መጥተን ጠይቀናል። የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን “እሳት ወይ አበባ” (1966 ዓ.ም.) ያለው አንድ ቅጂ ነው፣ እርሱም ጥራዙ ተበትኖ “አይ መርካቶ” ያለበት ገጽ በላስቲክ ተለጥፏል። ፀጋዬ ለከበደው አንባቢ በዕውቀቱ ስዩምን “ኗሪ አልባ ጎጆዎች” እናቀምሰዋለን፤ አጫጭር ነው፣ ያስቃል፣ ካሳቀ በኋላ ያሳስባል። ከዚያ ወደ ፀጋዬ መመለስ ይቀላል። የልጆች ጥግ ዕቃ ማከማቻ መሆኑንም እንጨምር። እናቲቱ ልጆቿን አስቀምጣ የከበደ ሚካኤልን “ታሪክና ምሳሌ” ታነብላቸው የነበረው እዚያ ነው። አሁን አሮጌ ወንበርና የተሰበረ ፕሪንተር አለበት።

ትርጉም ልብ ወለድን ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ጓደኞቻችን አይለቁንም። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልብ ወለድ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። የታሰሩት ጓደኞቹ እየሰሙት፣ ወረቀቱ ከእስር ቤት ጥቂት በጥቂት እየወጣ፣ በኋላ “ነገም ሌላ ቀን ነው” ተብሎ ታተመ። ስለ አሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ስካርሌት ኦሃራን ትወዷታላችሁ ወይስ ትጠሏታላችሁ የሚለው ጥያቄ ሁለት ቅዳሜ አከራክሮናል፣ አልተቋጨም። ይህም መጽሐፍ ዛሬ “ልብ ወለድ” ስለሆነ ከበሩ አይወጣም። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመለሰው የቪክቶር ሁጎ “መከረኞቹ”ም እንዲሁ። ከእስር ቤት የወጣ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት መውጣት ሲያቅተው፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ምን እንድንል ትፈልጋላችሁ?

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሰሌዳው መጋዘን ውስጥ እንዳለ እናውቃለን፤ ወደ ቦታው ይመለስ። ካርዶቹ ካልተጣሉ ይሰጡን፤ የብዙ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው። የእናንተ ዝርዝርም ከጎኑ ይሰቀል፣ ግን ማን እንደመረጠው ይጻፍበት፤ በየመጽሐፉም አጠገብ ለምን እንደተመረጠ አንድ መስመር ትኑር። እንደ ማንኛውም አንባቢ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችም ካርድ ይሰኩ፤ ምን እንደሚያነቡ ማወቅ እንፈልጋለን።

የልብ ወለድ ውሰት በመያዣ ይፈቀድ። የመያዣው መጠን ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር የተመጣጠነ ይሁን፤ ለተማሪ የትምህርት ቤት መታወቂያ ይብቃ። በፈረቃ ለሚሠሩ ሰዎች የውሰት ጊዜው ይራዘም፤ መመለሻ ሳጥን በሩ ላይ ቢቀመጥ ሠራተኛ ሳይጠብቁ ይመልሳሉ። የጠፉ መጻሕፍት ዝርዝር በዓይነት ተለይቶ ይፋ ይሁን፤ የእኛ ክበብ አባላት ያጠፉት ካለ እንተካለን።

ቁም ሣጥኑ ይከፈት። ለአዋቂ አንባቢ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ይቅር። ለዕድሜ የሚደረግ ገደብ ካለ በጽሑፍ ይውጣ፣ የመጻሕፍቱ ስምም አብሮ ይውጣ፤ የትኛው መጽሐፍ ለምን እንደተገደበ አንባቢው ይወቅ።

ማስታወሻና የሕይወት ታሪክ ከማጣቀሻነት ይውጡ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ለማጣቀሻ ቢቀር አንቃወምም። በሚቀጥለው የመጽሐፍ ግዢ ግጥምና የሴት ደራስያን ሥራዎች ይካተቱ፤ ከመገዛቱ በፊትም የአንባቢያን ተወካይ በኮሚቴው ይቀመጥ። የልጆች ጥግ ከዕቃው ይጽዳ፤ ለዚህ ጉልበት ካስፈለገ ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እናግዛለን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ሆኖ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ከሰዓት አንባቢያን ሰብሳቢ
የቅዳሜ ከሰዓት አንባቢያን ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለከተማው አስተዳደር ባህል ዘርፍ
ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች
ለአንባቢያን በሙሉ